ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፤ የተሸነፈ ጦር ምስክር

በአገራችን የጦር ሜዳ ወግ የቈየ ሥርዓት አለው። ዘማቹ ድል አድርጎ ሲመለስ ይፎክራል፤ ግዳዩን ይቈጥራል፤ አዝማሪው በመሰንቆው ይቀበለዋል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ስለ ድል መናገር ማንንም አያስቸግርም። ጦሩ የተፈታበት፣ ወንድሞቹ በዓይኑ ፊት ያለቁበት፣ ራሱም ተማርኮ በባዕድ አገር የታሰረ አዛዥ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ይናገራል? ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዝምታን ይመርጣል። ሌላውም ሽንፈቱን በፉከራ ይሸፍነዋል። እናንተ ወጣት አንባቢዎች በዚህ ምንባብ የሕይወት ታሪካቸውን የምታነቡላቸው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከሁለቱም መንገድ የራቁ ነበሩ። ያዩትን እንዳዩት ተናገሩ፤ ያስታወሱትንም ጻፉ። ይህ ቀላል የሚመስል ተግባር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው ስትከታተሉ ትረዱታላችሁ።

እምሩ በኅዳር ወር 1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ይባሉ ነበር። ይህ ስም ተፈሪ መኰንን ሲነግሡ ከወሰዱት ስመ መንግሥት ጋር አንድ ስለሆነ ሁለቱን እንዳታምታቱ ተጠንቀቁ። ይሁን እንጂ እምሩና ተፈሪ በሥጋ የሚዛመዱ፣ በዕድሜም በጥቂት ወራት ብቻ የሚበላለጡ ነበሩ። በሐረር ከተማ በራስ መኰንን ቤት አብረው አደጉ፤ ከአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጠውም አብረው ተማሩ። ይህ የልጅነት ወዳጅነት እስከ እርጅና ዘልቋል። እምሩ በተሾሙበት፣ በዘመቱበትና በታሰሩበት ጊዜ ሁሉ ከኋላቸው የሚከተላቸው ይኸው ወዳጅነት ነበር።

እምሩ ካደጉ በኋላ በሐረር አስተዳደር አገለገሉ፤ ከዚያም ወሎን ገዙ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን ሲነሡ የጎጃም ገዥ ሆነው ተሾሙና ወደ ደብረ ማርቆስ ወረዱ። የጎጃም ሕዝብ ለብዙ ዘመን በገዛ መሳፍንቱ ሲተዳደር የኖረ በመሆኑ ከሌላ አገር የመጣን ገዥ በሙሉ ልብ መቀበል ከብዶት ነበር። ይህን ልብ በሉት፤ ጦርነቱ ሲመጣ የሚያስከትለውን ችግር በኋላ ታያላችሁና።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የክተት አዋጅ ሲታወጅ ራስ እምሩ የጎጃምን ዘማች አስከትለው ወደ ሰሜን ተነሡ። ያን ጊዜ ዘማች ሲባል በካምዮን ተጭኖ የሚሄድ፣ ስንቁ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚታደለው ወታደር እንዳይመስላችሁ። ዘማቹ ስንቁን በአህያና በትከሻው ተሸክሞ፣ አብዛኛው ባዶ እግሩን፣ ያረጀ ጠመንጃና ጥቂት ጥይት ይዞ ከጎጃም በበጌምድር በኩል እስከ ትግራይ ድረስ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ከዘማቾቹ መካከል አንዱ በኋላ ዘመን ስሙ በሥነ ጽሑፍ የገነነው ሐዲስ ዓለማየሁ ነበር። ጕዞው ገና ሳይጠናቀቅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ተከታዮቻቸውን ይዘው ከመንገድ ተመለሱና በጎጃም ላይ ዐመፅ አነሡ። ራስ እምሩም ከፊታቸው ጠላት፣ ከኋላቸው ዐመፅ ሆኖባቸው ሳሉ ወደ ፊት መሄዱን መረጡ።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጕና በተባለው የተራራ በር የጠላትን ጦር አገኘው። ኢጣሊያኖቹ ቀላል ታንኮች ነበሯቸው። ታንክ አይቶ የማያውቀው ዘማች ግን አልሸሸም። የታንኩ መትረየስ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይዞር ሲረዳ ከኋላ እየተጠጋ ላዩ ላይ ወጣበት፤ በውስጡ ያሉትንም አሸነፈ። ጠላት ወደ ሽሬ አፈገፈገ። የኢትዮጵያ ጦር በዚያ ጦርነት ጠላትን ወደ ኋላ ከመለሰባቸው ጥቂት ውጊያዎች አንዱ ይህ ነበር። ፉከራ ቢያስፈልግ ኖሮ ራስ እምሩ ታሪካቸውን እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። አላቆሙም።

ከዚህ ድል በኋላ ጥቂት ቀናት ሳይቈዩ፣ በዚያው በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ማለዳ አውሮፕላኖች በተከዜ አቅጣጫ መጡ። ዘማቹ ቦምብን እየለመደው ስለነበረ መሸሸጊያውን ያውቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን የወረደው እንደ ወትሮው የሚፈነዳ ቦምብ አልነበረም። መሬትና ውኃ ሲነካ የሚሰበር፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ ዕቃ ነበር። ሰዎቹ ምን እንደሆነ እስኪያስተውሉ ድረስ በመቶ የሚቈጠሩት እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ውኃ እየቋጠረ ይጮኹ ጀመር። ከወንዙ የጠጡት ዳር ላይ ወድቀው ለረጅም ሰዓት ሲያጣጥሩ ዋሉ። ከብታቸውን ውኃ ሊያጠጡ የወረዱ ባላገሮችም ከሞቱት መካከል ነበሩ። የጦር አለቆቹ ዙሪያቸውን ከበው ምን እናድርግ እያሉ ሲጠይቋቸው፣ ራስ እምሩ የሚመልሱት አጡ። ጦርን በጦር፣ ጥይትን በጥይት መመለስ ያውቁ ነበር፤ ከሰማይ የሚወርድንና ሥጋን የሚያቃጥልን ዝናብ እንዴት እንደሚዋጉት ግን አላወቁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በመርዝ ጋዝ መዋጋት በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ በተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሎ ነበር። ከፈራሚዎቹ አንዷ ራሷ ኢጣሊያ ነበረች። ስለዚህ በተከዜ ዳር የሆነው የጦር ሜዳ አደጋ ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነበር፤ ወንጀለኛም ሥራውን መካዱ አይቀርም።

በየካቲት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የሽሬ ውጊያ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የራስ ሙሉጌታ ጦር በአምባ አራዶም፣ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦርም በተምቤን ተፈትቶ ነበር። የጦር ግንባሮቹ የሚገናኙበት መንገድ ደካማ ስለነበረ አንዱ የሌላውን መሸነፍ በጊዜው አያውቅም ነበር። ጠላት ኃይሉን ሁሉ በራስ እምሩ ላይ አዞረ። ዘማቹ ጥይቱ እስኪያልቅ ድረስ በብርታት ተዋጋ፤ ከዚያም ወደ ተከዜ ማፈግፈግ ግድ ሆነ። በወንዙ መሻገሪያዎች ላይ አውሮፕላኖች ቦምብ፣ እሳትና መርዝ አዘነቡበት። ከውጊያው ይልቅ በማፈግፈጉ ላይ ያለቀው ሰው ልብን ያደማ ነበር። ከተረፉትም ብዙዎቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። በአሥር ሺህ የሚቈጠር ጦር አስከትለው የወጡት ራስ፣ ሲመለሱ አብሯቸው የቀረው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነበር።

ከማይጨው ውጊያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ራስ እምሩን እንደራሴያቸው አድርገው ሾሟቸው፤ የመንግሥቱም መቀመጫ በምዕራብ ኢትዮጵያ በጎሬ ከተማ እንዲሆን ተወሰነ። ግምጃ ቤት የሌለው፣ ጦሩ የተበተነ፣ ዋና ከተማው በጠላት የተያዘ መንግሥት ምን ዓይነት ሹመት እንደሆነ አስቡት። ከጎሬ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ ቅርብ ነበር። ራስ እምሩ ግን አልተሻገሩም። በወለጋ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሥርተው ነበር። ማኅበሩ የራሱ ደንብ ነበረው፤ ምርኮኛን በሰብአዊነት መያዝንም ያዝዝ ነበር። እነዚህ ወጣቶች በሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦናያ በተባለ ስፍራ ያረፉ የጠላት አውሮፕላኖችን አቃጠሉ። ራስ እምሩንም መሪያቸው አድርገው ተቀበሏቸው።

ትግሉ ግን ረጅም አልሆነም። ጠላት በአውሮፕላን እየተመራ ከየአቅጣጫው ተከታተላቸው፤ ስንቅና ጥይት አለቀ፤ በየደረሱበት አገር ያለው ሰው ሁሉ የሚተባበር አልነበረም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡና ራስ እምሩ ከጓዶቻቸው ጋር ተማረኩ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማረኩት አንዱ ነበሩ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰው ጭፍጨፋና እርሱን በተከተለው እልቂት ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ።

ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ጳንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ታሰሩ። የተቀመጡባት ቤት ከጊዜ በኋላ ያስተናገደችው እንግዳ ታሪክ የሚያስገርም ነው። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ በገዛ አገሩ ሰዎች ሲያዝ ወደዚያችው ደሴት ተወሰደና በዚያችው ቤት ታሰረ። ኢትዮጵያን እንዲወርሩ ያዘዘው ሰው የወረራውን ተከላካይ ባሰረበት ቤት ውስጥ ታሳሪ ሆነ። ራስ እምሩ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ የእስር ስፍራ ተዛውረው ነበር። ከዚያም የተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦር ደቡብ ኢጣሊያን ሲይዝ ነፃ ወጡ፤ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረውም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አሁን ደግሞ ከጦርነት በኋላ ስላለው ኑሮ አስቡ። ራስ እምሩ ሲመለሱ ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ሕዝቡ በሦስት ስም ተከፍሎ ነበር፤ በዱር በገደል ሲዋጋ የኖረው አርበኛ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወይም በየጎረቤት አገሩ የቈየው ስደተኛ፣ ለጠላት ያደረው ባንዳ። በሹመትና በመሬት ድልድል ምክንያት በሦስቱ መካከል ብዙ ቅሬታ ነበር። በተለይም ብዙ አርበኞች የደም ዋጋቸውን አላገኘንም ብለው ያዝኑ ነበር። ከምርኮ የተመለሰ ሰው ደግሞ ከሦስቱም ስሞች በአንዱ በቀጥታ አይጠራም። ድል ሲደረግ አልነበረም፤ የሚፎክርበትም የለውም።

ራስ እምሩ በዚህ ሁሉ መካከል ሌላ ዓይነት አገልግሎት መረጡ። ለጥቂት ጊዜ በጌምድርን ካስተዳደሩ በኋላ በአሜሪካ፣ በህንድና በሶቪየት ኅብረት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠሩ። ጠመንጃ የያዘው እጅ ብዕር ያዘ፤ ፊታውራሪ በላይ የተባለ ልብ ወለድም ጻፉ። ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ ያስወደዳቸው ግን የርስታቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው ማከፋፈላቸው ነበር። የመሬት ጥያቄ በአደባባይ ከመነሣቱ አስቀድሞ አንድ ታላቅ መስፍን በገዛ ፈቃዱ ይህን ማድረጉ ብዙዎችን አስገረመ፤ ሌሎች መኳንንትን ደግሞ አስቈጣ። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች ቀዩ ራስ የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ባዶ እግሩን አስከትለውት የዘመቱት ባላገር ሲመለስ ምን መሬት እንደጠበቀው ለሚያውቅ አዛዥ ይህ ሥራ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኰንኖች መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ፣ ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገናቸዋል ብለው በራዲዮ አስነገሩ። ሙከራው ሲከሽፍ ንጉሠ ነገሥቱ የልጅነት ወዳጃቸውን አልከሰሷቸውም። አንድ ሰው በንጉሡም በንጉሡም ተቃዋሚዎች ዘንድ የታመነ መሆኑ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ልብ በሉ።

አሁን ወደ ተከዜ ዳር እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ በኢጣሊያ የነበሩ ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ በዘመቻው የነበሩ መኰንኖችና ስመ ጥር ጋዜጠኞች ጭምር፣ የመርዝ ጋዙን ነገር ይክዱ ነበር። ጦርነቱ ንጹሕና ሥልጣኔን የሚያስፋፋ ነበር እያሉ ለልጆቻቸው ያስተምሩ ነበር። ሰነዶቹ በየመዝገብ ቤቱ ተቈልፎባቸው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለ ኢጣሊያዊ ጸሐፊ አዲስ አበባ መጥቶ የቀድሞ ዘማቾችን አነጋገረ። ራስ እምሩም ያን ማለዳ እንደነበረ ነገሩት፤ የተሰበረውን ዕቃ፣ ቀለም የሌለውን ፈሳሽ፣ የወንዙን ዳር፣ የራሳቸውንም መልስ ማጣት አልሸሸጉም። ይህን ያስተላለፈ መጽሐፍ በኢጣሊያ ሲታተም ጸሐፊው በአገሩ ሰዎች ከባድ ተቃውሞና ዘለፋ ደረሰበት። እርሱ ግን ምርምሩን ቀጠለ።

ክርክሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1988 ዓ.ም. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ በመርዝ ጋዝ መዋጋቱን ለምክር ቤቱ አመነ። ሲክዱ ከነበሩት ጋዜጠኞች ዋነኛውም ስሕተቱን በይፋ ተቀበለ። ራስ እምሩ ይህን አላዩም። የነገሩት ቃል ግን ከሰነዱ ጋር ሲነጻጸር እውነት ሆኖ ተገኘ። ሽንፈታቸውን አስውበው፣ የራሳቸውን ግራ መጋባት ደብቀው ተናግረው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቃል ማን ያምነው ነበር?

ራስ እምሩ በእርጅናቸው ዘመን ብዙ ነገር አዩ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. አብሯቸው ያደጉት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ወረዱ። ብዙ መኳንንት በታሰሩበትና በተገደሉበት በዚያ ዘመን ራስ እምሩን የነካቸው አልነበረም። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ዘውዱን የገለበጠው መንግሥት ራሱ በክብር አስቀበራቸው። ካየሁት ከማስታውሰው በሚል ርእስ የጻፉት ትዝታቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። የምርኮ ጓዳቸው ሐዲስ ዓለማየሁም ስለዚያው ዘመቻ ትዝታ የተባለውን መጽሐፍ በ1985 ዓ.ም. አሳተሙ። የአዛዡንና የተከታዩን መጽሐፍ ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አንዱን ጦርነት በሁለት ዓይን ያያል።

የራስ እምሩን መጽሐፍ ርእስ እንደ ሰዋስው ተማሪ መርምሩት። ያየሁትን ሁሉ አይልም፤ ካየሁት ይላል። የማስታውሰውን ሁሉ አይልም፤ ከማስታውሰው ይላል። በዚያች በአንዲት መስተዋድድ ጸሐፊው ከፊሉን እንጂ ሁሉን እንዳልያዙ፣ ያልታየውንም እንዳልጨመሩ አስታወቁ። ምስክር የሚታመነው የዕውቀቱን ወሰን ሲያሳይ ነው።

ምናልባት በእናንተም ቤት ወይም መንደር ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ይኖር ይሆናል። አንዳንዱ ስለ ዘመቻው አንድም ቃል አይተነፍስም፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚያወራው ስለ ድሉ ብቻ ነው። ሲያርፍ ጠብቃችሁ፣ በአክብሮት ቀርባችሁ፣ ስንት እንደገደለ ሳይሆን ምን እንዳየ፣ ምን እንደበላ፣ ከጓዶቹ ማን እንደቀረ ጠይቁት። ዝም ካለ አታስጨንቁት። ከተናገረ ግን አቋርጣችሁ አታሳምሩለት፤ ቃሉን እንደወረደ ጻፉት። ቀኑንና የቦታውን ስም አትዘንጉ።